የእህቴ ደረት

መቱ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ደጅ ሳልፍ የገለባው ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ዛሬም ንዴቴ ይቀሰቀሳል።

በጃንሆይ ጊዜ ጎሬ ስንኖር አባቴ ቡና ነጋዴ ነበር። ታናሽ እህቴ ወርቄ የምትተኛው ከጆንያዎቹ አጠገብ ነው። ቡናው ሲበጠር ታስነጥሳለች፣ ዓይኗ ያለቅሳል፣ ከዚያም ደረቷ ሲር ሲር እያለ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ አባቴን፣ «አስም ነው። የሚቀሰቅስባት አቧራው ስለሆነ ቡናውን ከቤት አውጡት» አለው።

አያቴ ይህን ሲሰሙ፣ «በእኛ ዘመን አቧራ የገደለው ልጅ የለም። ደረቷ ይተኮስ» አሉ።

እናቴ ወርቄን አቅፋ፣ «አባባ፣ ቡናው ይውጣ እንጂ ልጄ አትተኮስም» አለች።

«ቡናውን የት ልወስደው ነው?» አለ አባቴ፤ የእናቴን እጅ ይዞም ወደ ጎን አቆማት። አያቴ ማጭድ በፍም አግለው የወርቄን ደረት ተኮሱት። እህቴ የምትጮህበት ትንፋሽ እንኳ አልነበራትም።

እናቴ ጆንያዎቹን እየጎተተች ዝናብ ላይ ጣለቻቸው። አባቴ ለቡናው ሲል እየጮኸ ሮጠ።

ወርቄ ዛሬም አስሙ አልለቀቃትም፤ ጠባሳውም አለ። አያታችንን ሳነሣባት፣ «ተዋቸው፣ አላወቁም» ትለኛለች።

አባታችን ግን ተነግሮት ነበር።