የፕሮፋይሉ ፎቶ

ሴትየዋ የዱቦ መንደርን ቀይ አፈር በጫማዋ እንደያዘች፣ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ካለው የቤዚ ሞባይል ቤት ገባች። ጥቁር ሻሽ አስራለች። አዲሱን ስልኳን ከመሐረብ ፈታ አወጣች።

«ፌስቡክ ክፈቺልኝ፣ ልጄ። ጓደኛ እንዲበዛልኝ እፈልጋለሁ።»

ቤዚ ፎቶ ልታነሳት ስትል ፊቷን በመዳፏ ከለለች። ከጉያዋም የአንዲት ወጣት ፎቶ አወጣች።

«ስሙም ፎቶውም የልጄ ይሁን።»

«የራስዎ ነው እንጂ የሚሆነው፣ እማማ።»

«እኔን ማን ያውቀኛል?»

ቤዚ እንዳለቻት አደረገች። ሴትየዋ የልጇን የክፍል ጓደኞች ስም በጣቷ እየቆጠረች ጠራችላት፤ ቤዚም ለሁሉም የጓደኝነት ጥያቄ ላከች። አፍታ ሳይቆይ አንዷ ተቀብላ ጻፈች። ቤዚ መልእክቱን ጮክ ብላ አነበበችላት።

«ቀብርሽ ላይ አልቅሼ ነበር እኮ! በሕይወት አለሽ እንዴ?»

ሴትየዋ መሐረቧን አጣጠፈች።

«አዎ በይልኝ።»