የአማቴ ጥቁር ዘይት

ሐይቅ ከተማ፣ ከውኃው ዳር፣ ከአማቴ ጋር ዓሣ ጠብሰን እንሸጣለን። አማቴ ዘይት መድፋት አይወዱም ነበር። በትናንቱ ላይ የዛሬውን እየጨመሩ፣ «የከረመ ዘይት ዓሣ ያጣፍጣል» ይሉኛል፤ እኔም አምኜ እጠብሳለሁ።

አንድ ቀን እህቴን ልጠይቅ ውጫሌ ብሄድ፣ ምግብ ለሚሸጡ ሴቶች ስልጠና አለ ብላ ይዛኝ ገባች። ነርሷ እንዳስረዳችን፣ ዘይት እየተደጋገመ ሲግልና ሲጨስ ጎጂ ውህዶች ይፈጠሩበታል፤ እነሱም ከምግቡ ጋር ሆዳችን ይገባሉ። ድንችም ጠቁሮ ሲጠበስ እንዲሁ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው አለች፦ ዘይቱን መቀየር፣ እሳቱን መቀነስ፣ የተከተፈውን ድንች ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ዓሣውን በሎሚ ማሸት፣ ሳይጠቁር ማውጣት።

ደስታዬ ልክ አጣ! ሚኒባስ ውስጥ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስለ ዘይት እየሰበክሁ ሐይቅ ገባሁ። ቤት ስደርስ የአማቴን ዘይት በነጭ ሳህን ቀዳሁና አዲሱን ከጎኑ አስቀመጥሁ።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አሉ አማቴ ተቆጥተው።

ይኼኔ ደንበኛችን፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ ገባና ጥቁሩን አየ።

«እማማ፣ የባጃጄን ዘይት ማን እዚህ አመጣው?»

አማቴ ሊቆጡት አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ያ ረቢ! ይኼን ነው ስበላ የኖርሁት?» አሉና ራሳቸው ደፉት።

እኔ ግን መጥቆሩን ፈርቼ በአዲሱ ዘይት የጠበስሁትን የመጀመሪያውን ዓሣ ቶሎ አወጣሁት። ሾፌሩ አንዴ ጎረሰና ወደ ውኃው እያየ፣ «ወላሂ፣ ይኼ ብለቀው ይዋኛል» አለ። እኔም ሳቅሁ፤ ማንኪያው ከእጄ ወደቀ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉ አማቴ ገፋ አድርገውኝ። እሳቱን ቀንሰው፣ በሎሚ የታሸውን ቆሮሶ ዓሣ ጨመሩ፤ የማር መልክ ሲይዝ ብድግ አደረጉት። ውስጡ ነጭ፣ ላዩ ኩርሽም ኩርሽም የሚል! ሾፌሩ አጥንቱን ሳይቀር መጠጠው።

ከዚያ ወዲያ አማቴ ከእኔ ብሰው ቁጭ አሉ። በማግስቱ አንድ መንገደኛ «አክስሉልኝ» ቢላቸው፣ «ከሰል ከፈለግህ ገበያ ሂድ፤ እኔ የምሸጠው ዓሣ ነው!» ብለው አሳቁበት።

ያን ቀን ከቀትር በፊት ዓሣው አለቀ። እኛም የምንበላው አጥተን፣ እየተሳሳቅን ሽሮ ጣድን።