ድንኳን ውስጥ የሚቆም ፎቶ

ፎቶ የማንሳት ዓይን ከሰው ጋር ይወለዳል ወይስ በትምህርት ይመጣል? ብዙ አንብቤበታለሁ። ለሌላው ሰው የሻይ ሰዓት ክርክር ይሆናል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ ፎቶንም እንደ ሒሳብ ነው የተማርኩት፤ መጽሐፍ ይዤ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ እየመረመርኩ። ከሁሉ በላይ የተማርኩት መጠበቅን ነው። አረጋውያን ካሜራ ፊት ሲቀመጡ ይገተራሉ። ዝም ብዬ እቆያለሁ። ሲሰለቻቸው ትከሻቸው ይወርዳል፣ ፊታቸው የራሳቸው ይሆናል፤ ያኔ አነሳለሁ።

ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ጡረተኛ ሾፌር ፎቷቸውን ወደውት ሳሎናቸው ሰቀሉት። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ለቅሶ ስሄድ ድንኳኑ ውስጥ፣ አበባ መሐል የቆመው ያው እኔ ያነሳሁት ፎቶ ነው። ቀጥሎ አብረውን የሚያመልኩ አንዲት እናት። ከዚያ ደግሞ ሌላ። ለቀስተኛው «ቁርጥ እሳቸውን! ሊናገሩ እኮ ነው የሚመስሉት» ይላል። እኔ ፎቶውን ላለማየት አቀርቅሬ ከድንኳኑ እወጣለሁ።

የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች «ስጦታ ነው ልጄ፣ ጌታ የሰጠሽ ነው» እያሉ ሲመርቁኝ ደግሞ ባሰብኝ። የተማርኩት ከሆነ ፎቶ ፎቶ ነው፤ ከመጽሐፍ የመጣ ነገር ማንንም አይጎዳም። ስጦታ ከሆነ ግን ዓይኔ ምን አይቶ ነው ያቺን ቅጽበት የሚመርጠው? ድካማቸውን ነው ወይስ መሄዳቸውን? ያነሳኋቸው ሰው በአምልኮ መሐል ሲያስሉ ዞሬ አያለሁ። በጠዋት ስልክ ሲጠራ፣ ገና ሳላነሳው «ሰሞኑን ማንን ነበር ያነሳሁት?» እላለሁ። አንድ ቀንማ ልጃቸው ያመጣቻቸው ሴትዮ በር ላይ ቆመው «እሷ ጋ አልነሳም፤ እኔ ገና ነኝ!» ብለው ሳቁ። የሳቅኩ መስዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

እናቴ ከቀበሌ መታወቂያዋ በቀር ፎቶ የላትም። «አንሺኝ እንጂ» ስትለኝ አንዴ ብርሃን የለም፣ አንዴ ባትሪው አልቋል እያልኩ ስሸሽ ከረምኩ።

ባለፈው ቅዳሜ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ መስኮቱ ሥር ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ዛሬም ባትሪ የለም?»

ነገርኳት። ለማንም ተንፍሼው የማላውቀውን ሁሉ፣ ከሾፌሩ ጀምሬ። እስክጨርስ ሰማችኝና ሳቋን ለቀቀችው።

«አንቺ ልጅ! ሽማግሌና አሮጊት እየለቀምሽ እያነሳሽ፣ ታዲያ ማን ይሙትልሽ? ስንቱን ሙሽራ አንስተሽ የለም እንዴ? እነሱ ሞቱ?»

እኔ አልሳቅኩም። አየችኝና እሷም ተወችው።

«ለእኔ ፈርተሽ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እኔም የምፈራው አለኝ» አለች፤ «እንዲሁ ብሞት፣ ያቺን የመታወቂያዋን ሴትዮ አሳድገው ድንኳን ውስጥ ሊያቆሟት ነው። እሷን ደግሞ እኔ ራሴ አላውቃትም። ሰው ሁሉ እሷን እያየ ሊያለቅስ ነው?»

ይህን የትም አላነበብኩትም ነበር። ካሜራዬን ከቦርሳው አወጣሁ።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ይንቀጥቀጥ። እኔ አልንቀሳቀስም።»