ክብሪቱ በኔ ኪስ ነበር

ባለፈው ሰሞን ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ተራራ ሊወጡ የመጡ የአዲስ አበባ ወጣቶች ዕቃ ይመርጣሉ። ድንኳን ይዘረጋሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ፤ የጀርባ ሻንጣ ያነሣሉ፣ ያስቀምጣሉ። ባለሱቁ መዳፍ የማታክል የጋዝ ምድጃ አወጣና አንዲት ነገር ጫን ቢላት ጠቅ ብላ ሰማያዊ እሳት ተፋች።

«ክብሪት ምናምን የለም፤ ራሷ ናት የምትነሣው» አላቸው።

ልጆቹ ሳቁ። ይህ ሱቅ ድሮ አብሮኝ ይሠራ የነበረው የነስሩ ነው። ዛሬ የያዘው የልጅ ልጁ ቢሆንም ለኔ ያው የነስሩ ሱቅ ነው፤ የኔ ሊሆን የነበረ ሱቅ።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ቡታጅራ ላይ ሀጂ ሙዘይን ለሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ እሠራ ነበር። በቅሎ መጫን፣ ማራገፍ፣ ከእንሴኖ ቆሼ ገበያ ለገበያ መዞር ሥራዬ ነው። ገና ጢም ሳላበቅል ጀምሬ አገልግያቸዋለሁ። ነስሩ ኋላ የመጣ ነው። መርካቶ ጨርቅ ቤት ከርሞ፣ ጸጉሩን ወደ ጎን አበጥሮ፣ ፊደል ቆጥሮ መጣ። እኔ ያኔ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም። ሴቶቹ ከሱ ጋር እየሳቁ ይገዛሉ፤ ከኔ ጋር እየተከራከሩ ይሄዳሉ። ቅናት ሲባል ሰው የሚያስበው ሴት ነው። እኔ የቀናሁት በዚያ ሰው ሳቅ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን በሱቁ።

ሱቁ እንዲህ ነው። ሀጂ ወልቂጤ ላይ ቦታ ይዘዋል፤ እሳቸው ግን ቡታጅራን አይለቁም። በነሐሴ መጨረሻ፣ ለመስቀል የሚሸጠውን ጨርቅ ይዘን በአገና በኩል ወደ ወልቂጤ ልንሻገር ስንዘጋጅ፣ ሁለታችንን ጠርተው፣ «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሱቁን ይዛችሁ እዚያው ትቀራላችሁ። በመንገድ ላይ አያችኋለሁ» አሉን። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነስሩ ውሃ ሲጠጣ እንኳ ሊበልጠኝ የሚጠጣ ይመስለኝ ነበር።

ያለፈው ዓመት መንገድ ሀጂን አሳምሟቸው ስለነበር፣ በዝናብ የሚያገለግል የመንገድ ዕቃ እንድንመርጥ ወደ ዓረቡ ሱቅ ይዘውን ሄዱ። ሸራ ገዛን፤ እዚህ ላይ ጠብ የለም። የእጅ ባትሪና ኮዳም ገዛን። ወደ ምድጃው ስንመጣ ነው ነገር የተበላሸው። ዓረቡ ሁለት ዓይነት የላምባ ምድጃ አወጣ፤ አንዱ ባለ ክር፣ ሌላው በመንፊያ የሚነፋ፣ ናሱ እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቅ። ነስሩ ባለ መንፊያውን አንሥቶ፣ ካርቶኑን አገላብጦ፣ «ነፋስ አያጠፋውም ይላል» አለ፤ የሚያነብ መስሎ። ኋላ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስቆጥር ያ ካርቶን ትዝ አለኝ። የተጻፈበት የፈረንጅ ፊደል ነበር። ነስሩ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አያነብም።

እኔ ግን ያኔ ሌላ ነገር ነው የተናገርኩት።

«ሀጂ፣ ምድጃ ምን ይሠራልናል? በመንገዳችን ሁሉ ቤት አለ፣ ቤት ሁሉ እሳት አለው። እሳት ይዞ ሰው ደጅ አይኬድም።»

«ሰው ደጅ ማን ይሄዳል? በየቤቱ ልመና እንገባለን እንዴ? ድንኳናችንን ተክለን፣ ሻያችንን አፍልተን፣ ተከብረን እንሄዳለን» አለ ነስሩ።

«በእዣ አገር ጀፎሮ ላይ የራስህን እሳት አንድድና ክብርህን ታያለህ።»

ጀፎሮ ማለት ሣር የለበሰው ሰፊው የመንደሩ ጎዳና ነው፤ ግራና ቀኙ ቤት ነው። መንገደኛ ሲመሽበት እዚያ ቆሞ ይጣራል፣ አንዱ ቤት ያስገባዋል። በሰው ደጅ የራሱን እሳት አንድዶ የራሱን የሚበላ ሰው ወይ ደም ያለበት ነው፣ ወይ ቤቱን የናቀ ነው። ይህን የማያውቅ የኛ አገር ሰው የለም። መርካቶ ሲያስረሳው ግን አየሁ።

ሀጂ ጢማቸውን እያሻሹ አዩኝ። «ሸምሱ፣ ነገርህ ነገር ነው። ግን በቅናት አፍ ነው የምትናገረው» አሉና ባለ መንፊያውን ገዙ። እውነት እንዲህ ነው፤ ከቅናተኛ አፍ ከወጣ ማንም አይቀበለውም። ያንን ዕቃ በበቅሎ ጭኜ ተራራውን የወጣሁት እኔ ነኝ።

የዘቢዳር ተራራን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ጉሙ ፊት ላይ ያለቅሳል። ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ የበቅሎዎቹ ጀርባ ይተናል። የያዝነው ቆጮ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ስለነበር ጠብታ አልነካውም፤ የነስሩ ብስኩት ግን በካርቶኑ ውስጥ ገንፎ ሆነ። እኔ ይህን አይቼ ሆዴ ሞቀ። ነስሩ ክብሪቱንም ኪሱ ስለረጠበ ለኔ ሰጠኝ፤ በደረቴ በኩል በላስቲክ ጠቅልዬ ያዝኩት።

ወደ አገና ሳንደርስ፣ ገና ቀን ሳለ፣ ዝናቡ አላስኬድ አለን። አንድ ጀፎሮ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ቤት አጥር ሥር ሸራውን ወጠርን። ሀጂ ደክሟቸው ኮርቻ ላይ ተቀመጡ። ነስሩ ምድጃውን አውጥቶ ላምባ ሞላ፣ ለማሞቂያ ስፒሪቶ አፈሰሰበት።

«ሸምሱ፣ ክብሪት።»

አልሰጠሁትም። እምቢም አላልኩም። ላስቲኩን ቀስ ብዬ ስፈታ፣ መልሼ ስጠቀልል፣ ኪሴን ስፈልግ ቆየሁ። ለተንኮል ያሰብኩት ነገር አልነበረም፤ ሲለምነኝ ማየት ጣፈጠኝ፣ ያ ብቻ ነው።

«ኧረ ስፒሪቶው ተነነ፣ ወንድሜ።»

«ቆይ፣ እጄ ደንዝዟል።»

ይህን ስንባባል የአጥሩ በር ተከፈተ። ቁመታም ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ፤ አባ ገብሬ ይባላሉ። ከኋላቸው ሁለት ጎልማሶች ዱላ ይዘዋል። ሽማግሌው ሸራውን አዩ፣ ምድጃውን አዩ። በእዣ አነጋገር ነው የተናገሩት፤ እኛ የቡታጅራ መስቃኖችም ይገባናል።

«ቤቴ እሳት ጠፍቷል ያላችሁ ማን ነው?»

ሀጂ ፊታቸው አመድ መሰለ። በማግስቱ የአገና ገበያ ነው። እኚህ ሰው «ናቁኝ» ብለው አንድ ቃል ቢናገሩ የመስቀሉን ጨርቅ ማንም አይነካውም። እኔ ደግሞ በልቤ፣ አለቀልህ ነስሩ፣ ሱቁ የኔ ነው አልኩ።

ነስሩ ተነሣ። ምድጃውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ እጅ መንሻ አቀረበላቸው።

«አባቴ፣ እሳት ብንይዝማ ይሄኔ ይነድ ነበር። ዕቃው ባዶ ላምባ ነው። ያለ ቤትዎ እሳት አይነሣም። ደጅ ቆመን እንዴት እንደምንጠራዎ አፍረን ነው።»

ሽማግሌው ምድጃውን ጎንበስ ብለው አዩት። ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ እኛን አዩን፤ ሀጂን፣ ቀጥሎ እኔን። ክብሪቱ እጄ ውስጥ ነበር። እጄ ኪሴ ውስጥ። ሀጂም ያውቃሉ፣ ነስሩም ያውቃል። አንድ ጊዜ ነቅነቅ ባደርገው ይንኳኳ ነበር።

ዝም አልኩ። ደግነት ነው እንዳትሉኝ። ከበሩ ውስጥ የተጋገረ ቆጮ ሽታ መጣ፤ እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም።

«የልጅ ነገር፤ ታዲያ ምን ያሳፍራል?» አሉ አባ ገብሬ። «ግቡ።»

ገባን። ፍሙን በገል ያመጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ነስሩ ምድጃውን በፍሙ ለኩሶ ነፋው፣ ሰማያዊው እሳት ሲጮህ የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ከዚያ ተሳሳቀ። አሮጊቷ ባለቤታቸው፣ «የኛ እሳት ነው እንዲህ የሚዘፍነው?» አሉ። ሙስሊም መሆናችንን ስላወቁ ሥጋ አላቀረቡም፤ ቆጮ በአይብና በጎመን፣ ቅቤው እየወረደ። በማግስቱ አባ ገብሬ ገበያ ድረስ ሸኙን። ሴቱ ሁሉ «ባለ ምድጃው» እያለ ነስሩን ከቦ ገዛ።

ወደ ወልቂጤ ስንወርድ ነስሩ በበቅሎዋ በኩል ጠጋ አለኝ።

«ክብሪቱን ዐውቀህ ነው ያዘገየኸው፣ አይደል? ባትኖር ጉድ ሆኜ ነበር። አላህ ይስጥህ።»

«ዐውቄ ነው» አልኩት። ውሸት አልነበረም። ምስጋናው ግን ከስድብ ይልቅ ቆረጠኝ።

ወልቂጤ ስንደርስ ሀጂ የሱቁን ቁልፍ ለሱ ሰጡት። እኔን ብቻዬን ጠርተው፣ «ሸምሱ፣ እውነቱን የተናገርከው አንተ ነህ። ሰው የሚወደው ግን እሱን ነው። በእውነት ጨርቅ አይሸጥም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ነስሩ ከሞተ ቆየ። ቀብሩ ላይ አፈር መልሻለሁ። የቀናህበት ሰው ሲሞት ቅናቱም አብሮ ይቀበራል ይላሉ፤ እኔ ስመለስ አብሮኝ ተመልሷል። ማንበብ ከተማርኩ በኋላ መጀመሪያ ያነበብኩት ነገር ከሱቁ በር በላይ የተጻፈውን የሱን ስም ነው።

ወጣቶቹ የሷን ዓይነት ገዝተው ሄዱ፤ እሷ ባንኮኒው ላይ ቀረች። ባለሱቁ፣ ሳቁ የአያቱ ነው፣ «አባባ፣ ምን ልስጥዎት?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። «አንዴ ግን ምድጃዋን ጠቅ አድርጋት» አልኩት፤ አደረጋት፤ በራሷ ነደደች። የማንንም ፍም አትለምንም፣ የማንንም ክብሪት አትጠብቅም። ያኔ ዓረቡ ይህችን ሸጦልን ቢሆን ኖሮ፣ አባ ገብሬ በሩን ሲከፍቱ እሳቱ ይነድ ነበር፤ የነስሩ አፍም አያድነውም ነበር። እኔም ዛሬ ከባንኮኒው ወዲያ ሆኜ፣ ደጃፌ የቆመውን ሽማግሌ ምን ልስጥዎት እል ነበር።