ጅዳ የሚሄድ ጠቦት

ወደ ሳዑዲ በግና ፍየል ለሚልክ ነጋዴ፣ ውጫሌ ገበያ እየዞርኩ እገዛለሁ። አንድ የገበያ ቀን ከአምባሰል ገጠር የመጡ አዛውንት ጠቦት እየሳቡ፣ ሌሎቹን ገዢዎች ሁሉ አልፈው እኔ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ያንተ በጎች ጅዳ ነው አሉ የሚወርዱት?»

«አዎ አባቴ፣ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ይሄዳሉ።»

«አዲስ አበባ አይቀሩም?»

እንደማይቀሩ ነገርኳቸውና ዋጋውን ጠየቅኳቸው። እሳቸው ግን የዋጋውን ነገር ትተው፣ ጠቦቱ መርከብ ላይ ውሃ ያገኝ እንደሆነ፣ እዚያ ሲደርስም ማን እንደሚያርደው ይጠይቁኝ ጀመር። ገበያተኛው ከበበን። አንዱ «ሽማግሌው በጉን ተከትለው ሊሳፈሩ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሥራ ስላስፈቱኝ ተናድጄ ነበር።

«ጅዳ ዘመድ አለዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ሰው ቤት ልትሠራ የሄደች ልጅ አለችኝ።»

«ይሄ እኮ እሷ ጋ አይደርስም አባቴ። ዋጋውን ይንገሩኝና እንጨርስ።»

ቀና ብለው አዩኝና ገመዱን አስጨበጡኝ።

«ገንዘብ አልፈልግም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዘሃራ የተቀበረችው እዚያው ነው፤ አስከሬኗን ማምጣት አልቻልንም። እዚህ ሰደቃዋን አውጥተናል። በተኛችበት አገር ግን የሚያርድላት ሰው የለም። አንተ ብቻ ስታስጭነው፣ ‹የዘሃራ ነው› በልልኝ።»