የኸይሩ ፒያኖና የሰሊማ ማሽላ

ሬዲዮ ጠጋኙን ኸይሩን የማያውቅ ከሚሴ ውስጥ የለም። ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ በሩ ክፍት ነው፣ ሰውዬው የለም። የት ሄደ? ኮምቦልቻ። ምን ሊያመጣ? እሱም ገና አላወቀውም። የውሃ መሳቢያ ጀምሮ ትቷል፣ የጫጩት መፈልፈያ ጀምሮ ትቷል። ቁጭ ሲል እንኳ ጉልበቱ አይቀመጥም፤ እንደ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጣል።

እኔ ከእሱና ከሚስቱ ጋር ግድግዳ የምጋራ ጎረቤት ነኝ። ጆሮዬን ጥዬ እንዳይመስላችሁ፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ እሱ ራሱ ያወራል።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ዓመት ያህል ሲቀረው አንድ የድሮ መጋዘን ተጸዳና በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድኖች ይጫወቱበት የነበረ ፒያኖ ወጣ። ውስጡን አይጥ በልቶታል፣ ሽቦው ዝጓል፤ ለማገዶ ሊፈልጡት ነበር። ኸይሩ ለምኖ በጋሪ ጭኖ መጣ። ቤታቸው አንድ ክፍልና ጓዳ ነው፤ የት ይግባ? የሚስቱን የሰሊማን የእህል ጎታ ጎትቶ ሊያወጣ ሲታገል የጭቃ ነገር፣ በሩ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ፒያኖው ጎታው በነበረበት ቆመ።

"አንተ! ይሄ የሬሳ ሣጥን ምንድነው?"

"ፒያኖ ነው፣ ሰሉ። አንጀቱን አወጣና የኪቦርድ አንጀት እከትበታለሁ። ላዩ የድሮ፣ ውስጡ ዲጂታል!"

"ዲጂታሉ ምንድነው የሚበላው?"

"መብራት ነው እንጂ ምን ይበላል።"

"እኛስ?"

ውስጡ የነበረውን ብረት ጎረምሶች ተሸክመው አወጡት፤ ከሽቦው እኔም የልብስ ማስጫ ደርሶኛል። ከዚያ ኸይሩ የተበላሸ ኪቦርድ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄደና ቆየ። እሱ ሳይመለስ የሰሊማ ወንድም ሙሀመድኑር ከጨፋ ሮቢት የዓመቱን ማሽላ አምጥቶ ደጅ ላይ አራገፈ። ጎታ የለ! ሰሊማ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። ባዶ ሣጥን፣ ወፍራም ጣውላ፣ ክዳን ያለው፣ ቀዳዳው ከተደፈነ አይጥ የማይገባበት። ቀዳዳውን ደፈነች፣ ላስቲክ አነጠፈች፣ ቢስሚላህ ብላ ገለበጠችው።

ኸይሩ ኪቦርዱን ታቅፎ መጣ። ክዳኑን ሲከፍት ማሽላ።

"ሰሊማ! ስፒከሬን የት ላስቀምጥ?"

"አንተ ጎታዬን የት አስቀመጥከው?"

ኸይሩ ክዳኑን ቀስ አድርጎ ሲመልሰው ሰማሁ።

"ስማ" አለችው፤ "ይሄ እህል ረመዳንን አልፎ እስከ አዲሱ ማሽላ የሚያደርሰን ነው። በልተን ስንጨርስ ሣጥኑ ያንተ ነው። አንድ እፍኝ ብታባክን ግን ልጆቼን ይዤ ወንድሞቼ ዘንድ ሮቢት ነው የምገባው። ወሏሂ!"

ሰሊማ ወሏሂ ካለች አለች ነው።

እሱ እጁ መች ያርፋል? የኪቦርዱን ፕላስቲክ ቁልፎች ጣላቸው። በፒያኖው የእንጨት ቁልፎች ስር ከአሮጌ የእጅ ባትሪዎች የፈታውን ቀጭን ነሐስ ደረደረ፤ ከያንዳንዱ ክር የምታህል ሽቦ ስቦ ከኪቦርዱ ቦርድ ጋር በየደው። እንጨቱን ስትነካው ነሐሱ ይነካል፣ ቦርዱ ይጮሃል። ስፒከሩን ማሽላው ላይ አጋደመና ነካው፦ "ምቡም።" ገንፎ አፉን የሞላው ሰው ሊዘፍን ሲሞክር ማለት ነው። እኔ በዚህ በኩል በሳቅ ሞትኩ።

ግንቦት ላይ እህሉ ሲጎድል ድምፁ ትንሽ ከፈት አለ። "እህሉ ዝቅ ሲል ድምፁ ከፍ ይላል!" ብሎ ሲጮህ ሰማሁት። የዚያን ቀን ነው ሰውዬው የተበላሸው።

ሰሊማ ቅቤ ልትሸጥ ገበያ ስትወጣ እሱ ከሣጥኑ ዘግኖ ድስት ይጥዳል። ወንድ ልጅ የማሽላ ንፍሮ ሲቀቅል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ ደጅ ወጥቶ "ኮቱ! ኑ ብሉ!" እያለ ባለጋሪውን ይጠራል፣ የመናኸሪያ ጫኞችን ይጠራል፣ ባቲ ገበያ ለመሄድ መኪና የሚጠብቀውን ሁሉ ይጠራል። ያ ሻይ ሲጋብዝ እጁ የሚከብደው ኸይሩ! "ጨምር እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሃል?" እያለ ያጎርሳል። እነሱ ሲያኝኩ እሱ ይሮጥና ፒያኖውን ነካ አድርጎ ይመጣል። እኔም በልቻለሁ፤ ጨው አንሶታል።

ጨርቅ ነጋዴው አብዱልጀሊል አንድ ቀን ንፍሮ ሊበላ ገባና ድምፁን ሰማ። "ይሄ ነገር ለልጄ ሰርግ ይሁን፤ ከረመዳን በፊት ነው" አለ። ኸይሩ በደስታ ያበደው ያኔ ነው፤ በማግስቱ ሁለት ድስት ጣደ።

ስፒከሩ ከላይ ጋርዶባት ጉድለቱን ያላየችው ሰሊማ ነሐሴ ላይ ልታስፈጭ ጣሳዋን ሰደደች። እጇ እስከ ትከሻዋ ገባ። ጣሳው እንጨት ጫረ፤ ቀ...ረ...ር።

"ኸይሩ።"

"አቤት፣ ሰሉዬ።"

"ረመዳን ምን ልናፈጥር ነው? ዲጂታል?"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። የልጆቹን ልብስ በአንሶላ ስትቋጥር ሰማሁ፤ "ነገ በማለዳ መኪና" ስትልም ሰማሁ። ኸይሩ እንዴ፣ እንዴ እያለ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ገባ፤ በሦስተኛው ነጠላ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ሮጠ።

ወዲያው ተሸካሚዎች ይዞ መጣ። የቀረችውን ማሽላ በሳፋ ገልብጦላት ፒያኖውን አሸክሞ ሄደ። ከዐስር ሶላት በኋላ ጋሪ ደጃቸው ቆመ። ማሽላ፣ በጆንያ በጆንያ።

"ከየት ነው?" አለች።

"ከአብዱልጀሊል። ሰጠሁት፤ ለሰርጉ ብቻ አይደለም፣ ለሁልጊዜ። እስከ አዲሱ ማሽላ ያደርሰናል።"

ሰሊማ ጆንያውን አየች፣ ባዶውን ቦታ አየች። ከዚያ ደጅ ወጥታ ለሰፈሩ ሁሉ፦ "ሱብሃነላህ! ሰው ሆይ ስሙልኝ! ጎታዬን ሸጦ እህል ገዛ! አሁን ደግሞ አይጥ ይጋብዝ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ። ያኔ ነው ከአብዱልጀሊል ግቢ ድምፁ የመጣው። ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ፣ ሰፈሩን ሞላው። ሳቁ ቆመ። ሰሊማ ጆሮዋን አቀናች።

"ያኛው ነው?"

"እሱ ነው።"

"እንዲህ ይጮሃል አላልከኝም።"

"ብዬሽ ነበር።"

"አንተ የማትለው ምን አለ?"

ወዲያው አንዷ ድምፅ ነክሳ ያዘች፤ እንደ ትንኝ እይይይ እያለች አልቆም አለች። የኸይሩ ጉልበት ጀመረው። "ነሐሱ ተጣብቆ ነው... እነሱ እኮ አያውቁበትም... ያቃጥሉታል..." በሩ ላይ ይቆማል፣ ሚስቱን ያያል፣ ይመለሳል።

"ሂድ እንጂ ምን ትቁለጨለጫለህ!" አለችው። በረረ።

እሷ ጎንበስ ብላ አንዱን ጆንያ ወደ ጓዳ ትጎትት ጀመር። ገባሁና፦ "አልሄድም ማለትሽ ነው?" አልኳት።

"ዝም ብለሽ ጫፉን ያዢ" አለችኝ።