ሕግ ሲገዛ

ሙሄዲን ለሁለተኛ ጊዜ ሊፈተን የሄደ ጠዋት ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። ምን ያድርግ! ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ሲነዳ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ጎህ ሲቀድ አልጋው ላይ ሆኖ አያውቅም። የመጀመሪያውን የዜግነት ፈተና የወደቀውም ከሥራ በቀጥታ ሄዶ፣ ፈታኙ ፊት ተቀምጦ ስላንቀላፋ ነው። ሰው በእንቅልፍ ይወድቃል? ሙሄዲን ወደቀ።

ይሄኛው የመጨረሻው ነው። ይሄንንም ከወደቀ ማመልከቻው ይዘጋና እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ መስዑዳ አለች። ካገባት ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ አብረው የኖሩት ግን ተደምሮ አራት ወር አይሞላም። በግሪን ካርድ የጀመረላት ጉዳይ ወረፋው የሚያልቅ አልሆነም፤ ዜጋ ከሆነ ግን በዓመት ውስጥ ትመጣለች ብለውታል። እና ለሙሄዲን ፈተናው ፈተና አይደለም፣ ሚስት ነው።

ያስጠናው እንግዳ የሚባል የሥራ ባልደረባው ነው። እንግዳ ደሴ ላይ ታሪክ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ ዛሬ እሱም ሻትል ይነዳል። መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ተራ ሲጠብቁ የፈተናውን መቶ ጥያቄ በአማርኛ ያጠያይቀዋል። የእንግዳ ችግሩ መልሱን ብቻ ነግሮ አይተውም፣ ሥሩን ካልቆፈረ አይሆንለትም። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ገደማ የእንግሊዝ መኳንንት ንጉሣቸውን አስጨንቀው፣ ያለ ሕግ ሰው አላስርም የሚል ወረቀት ላይ ማኅተሙን እንዳስመቱት ይነግረዋል። ኋላም ፈላስፎች ተነስተው ሥልጣን የሚመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከሕዝቡ ፈቃድ ነው ማለታቸውን፣ ይህን አገር የመሠረቱትም፣ ሰው ሥልጣን ይዞ እንደማይታመን ስለገባቸው ሦስት ቦታ እንደከፈሉት ይጨምርበታል። ሙሄዲን መሪው ላይ ተደፍቶ ይሰማል። አንድ ቀን ታከተውና፣ እኛ አገር እኮ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ነው የሚባለው አለው። እንግዳ ሳቀ። እነዚህ ሰማዩን አረሱታ፣ የሕግ የበላይነት ማለት ይሄው ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ሌላው ሁሉ ቢጠፋው ያቺ ቃል አትጠፋውም።

ዕድሜውም፣ እዚህ አገር የቆየበት ዘመንም ስለፈቀደለት የሚፈተነው በአስተርጓሚ ነው። እንግዳ የዚያን ቀን ሥራ ስለነበረበት የሙሄዲን የእህት ልጅ ሙኒያ አብራው ሄደች። ሙኒያ እዚሁ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ያደገች፣ እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ የሚፈስ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ናት። አማርኛዋን ግን ኧረ ተዉት! እናቷን “አንተ” የምትል ናት። ቢሆንም ሥጋው ናት፣ ሌላ ማን አለው?

ሙኒያ አንዲት ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ልትተረጉም እጇን አንስታ ማለች። ፈታኟ ፊቷ የማያስፈራ ሴትዮ ነበረች። ከመቶው አሥር ይጠየቃል፣ ማለፊያው ስድስት ነው። ሙሄዲን አንዱን ሲያገኝ ሌላው ሲያመልጠው፣ አምስት መልሶ አራት ስቶ አሥረኛው ላይ ደረሰ። ሴትዮዋ ጠየቀች፣ ሙኒያም ቃል ጠፍቷት ትንሽ ቆየችና፣

“ሕግ ሲገዛ ምንድነው?” አለችው፣ “ሲገዛ” የምትለዋን ጥብቅ አድርጋ።

ሙሄዲን ገረመው። እንዲህ ያለ ጥያቄ እንግዳ አላስጠናውም። ነገር ግን ሕግ ሲሸጥ ሲገዛ በዓይኑ አይቷል፤ አባቱ መሬቱን የተነጠቀው ዳኛው ከባላጋራው ሁለት ሙክት ተቀብሎ ነው።

“ጉቦ ነው” አለ በሙሉ ልቡ።

ሙኒያ ክው አለች። ሴትዮዋ ትጠብቃለች። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር አማርኛ የሚሰማ የለም፤ ልጅቷ ትክክለኛውን መልስ በእንግሊዝኛ ብትል ማን ያውቃል? ሙሄዲን ፊቷን አይቶ መሳቱም ገባው፣ ልትዋሽለት መሆኑም ገባው። መስዑዳ ድቅን አለችበት። ወላሂ፣ ዝም ማለት አማረው። ያ ዳኛም ግን አብሮ ትዝ አለው፣ አባቱ ባዶ እጁን ሲመለስ የነበረው ፊትም።

“ያልኩትን በይ። ምለሻል እኮ።”

ሙኒያ ያለውን እንዳለ ተረጎመችው። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠችና በጣም አዝናለሁ አለች።

ፓርኪንጉ ላይ ሙኒያ እያለቀሰች፣ እንግዳ ያን ሁሉ አስጠንቶህ እንዴት ትረሳዋለህ አለችው። ማለቴ፣ ሕግ ሲገዛ፣ ሕግ ቦስ ሲሆን፣ ፕሬዝዳንቱም ቢሆን ከሕግ በላይ እንደማይሆን፤ ይሄ እኮ ነው የጠየቀችው አለች። ሙሄዲን ባለበት ቆመ።

“የሕግ የበላይነት ነበር?”

ሙኒያ እንዲህ የሚባል ቃል ሰምታ አታውቅም። ላልቶ የሚነገረውን አጥብቃ፣ የሚገዛውን ሕግ ገበያ አውጥታው ነበር። ሙሄዲን ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ድካሙ ቀደመው። መኪናው ላይ ተደገፈ። እሷን ምን ይላታል? ነይ ግቢ አላት።

መኪናው ውስጥ ሆኖ ሲደውልላት መስዑዳ ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። ወደቅሁ አላት። ምን ጠይቀውህ ነው አለች። ለማስረዳት አቅም አልነበረውም፤ ሕግ ሲገዛ ምንድነው ነው ያሉኝ አላት፣ እንደሰማው አጥብቆ።

“ለሕግ ነው እንጂ የሚባለው” አለች መስዑዳ። “ለሕግ ሲገዛማ ትልቁም ትንሹም እኩል ሲታዘዝ ነዋ። ይሄ ጠፍቶህ ነው እኔን እዚህ ያስቀረኸኝ?”

ሙኒያ አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማለች።

“አዎ” አለ ሙሄዲን፣ “ጠፍቶኝ ነው።”